አራት ነጥብ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ዴጆን ላይ ዝናብ ነው፤
በሸንጎው በራፍ ላይ የተደረደረው
ጃንጥላ ሁሉ ጥቁር፤ የማን የማን እንደሆን የሚለየው የለም፤
ውስጥ ያለው ክርክር ግን አንድ ቀለም አይደለም።

ናንሂ ከጥግ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤
ሃያ ዓመት በዚህች ወንበር፣ በዚህች ሥራ ኖራለች፦
የተባለውን መጻፍ፣
ያልተባለውን ማለፍ።

ፕሮፌሰሩ ተነሡ፤ መነጽራቸው ላይ መብራት ይዋኛል፦
«ከሕመምተኛው ቆዳ አንዲት ሕዋስ ይበቃናል፤
አስኳሉ በወጣ እንቁላል ውስጥ ገብታ ታድራለች፤
ባምስተኛው ቀን መቶ ብትሆን ነው፣ ያኔ ለመድኃኒት ትበተናለች።
ነርቭ የላት፣ ሕመም የላት፣
ከአሸዋ ቅንጣት ታንሳለች፤ ሰው ናት ብሎ የሚምልላት
እስቲ ይቁጠርላት ጣት።»

ከወዲያ ጥግ መነኩሲቷ፣ እንዳረጀ ጨርቅ በሳሳ ድምፅ፦
«ጣት መቁጠር ከመጣማ፣ ልጄ፣ በእኔ ይጀመር፤
ሁለቱን የፈትል ፋብሪካ ወስዶታል፣ ያኔ ልጅ ነበርሁ፣ ያኔ ችግር ነበር።
ይኸው ሦስት ነው የቀረኝ በዚህ እጄ፤
ስንት ሲጎድል ነው ሰው መሆኔ የሚያበቃው? ንገረኝ እንጂ፣ ልጄ።»

ጠበቃ ፒዮ ረቂቁን ገለጠ፦ «አንቀጹ ፅንስ ይላል፤
ፅንስ ማለት የሁለት ዘር መገናኘት ነው ተብሎ እዚሁ ተፈቷል፤
ይህቺ አባት የላትም፤ ስለዚህ በሕግ ዐይን አልተፀነሰችም፤
ያልተፀነሰች ደግሞ አትገደልም።»
አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ብቻውን ቀረና አፈረ።

ማክሱን ተጠራች፤ የጊቴ እናት።
ልጇ ከመርከብ መሥሪያው ክሬን ወድቆ ወገቡን ካጣ አራት ዓመት።
ያጻፈችው ወረቀት ነበር፤ አጣጥፋ ያዘችው፣ አላነበበችውም፦
«በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ፤ ቀንም፣ ሌሊትም።
አንድ ዙር ከዘለልኩ ገላው ይቆስላል።
እናንተም አራት ዓመት ስታገላብጡ ከረማችሁ፤
ወረቀት ግን አይቆስልም» አለቻቸው።

መነኩሲቷ ባጎደለው እጃቸው ዐይናቸውን ጠረጉ።
ነገሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ መልካም ነበር። ሊዘጉትም ነበር።
ሰብሳቢው ግን እስክሪብቷቸውን እየከደኑ፣ እንደ ዋዛ ጠየቁ፦
«እንቁላሎቹስ ከየት መጡ? የማን ናቸው?»

ከኋላ ወንበር የላቦራቶሪዋ ልጅ ሄራን ተነሣች፤
«አሥራ ሁለቱ የኔ ናቸው።»
«በፈቃድሽ?»
«ፈርሜያለሁ።
ፎርሙን ያመጡልኝ ሰው ግን
ደመወዜንም የሚፈርሙት ናቸው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።
ጠበቃው አንቀጽ ፈለገ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ፤
ስለ ሕዋሷ ሦስት ገጽ አለ፣
ስለ ሆዷ አንድ መሥመር የለም።
የናንሂ ጣቶች ቆሙ፤ ዝምታ አልተባለም፤ ታዲያ ይጻፍ? ይዘለል?

ይህን የምጽፍ እኔ፣ ከሩቅ ሆኜ፣ በፊደሌ ነው የማስበው፤
በሁለተኛው ቀን በማጉያ ሲያዩት አራት ክብ ነው አሉ፣
ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ተጠጋግተው።
እኛ ያን ምልክት ስናይ ነገር አለቀ ብለን ትንፋሽ እንስባለን፤
እነሱ አሁን ተጀመረ ይላሉ።
ማን ልክ ነው? እንጃ። እኔ ስንት ጊዜ
አለቀ ብዬ የቋጨሁት ስንኝ ሌሊት ተነሥቶ ሲሄድ አግኝቼዋለሁ።

የማክሱን ስልክ ጮኸ። ሁለት ሰዓቱ ሞልቷል።
ይቅርታም አላለች፤ ተነሥታ በመተላለፊያው ሮጠች፣
ከበራፉ እጇ የደረሰበትን ጃንጥላ አነሣች፣
የሷ ይሁን የሌላ ሰው ሳታይ፣

ሄራን ኋላ ስትወጣ የራሷን አጥታ
ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣጥፋ